የምጣድ እቁብ፦ አንድ የደሴ ግቢ ከጭስ የወጣበት መንገድ

ደሴ ላይ እሳት ሥራው ብዙ ነው። እንጀራ ይጋገርበታል፣ ወጥ ይሠራበታል፣ ቡና ይፈላበታል፣ ማታ ደግሞ ይሞቃል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የጦሳን ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ናት። ኅዳር ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ግን ጃኬት ታወልቃላችሁ። ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ወርዷል። እዚያ ቤት ለማሞቅ ብሎ ከሰል የሚያያይዝ ሰው ብዙም አይገኝም። ስለዚህ «እንጨትና ከሰል ተዉ» የሚለው ምክር ደሴ ላይ ይበልጥ ይከብዳል።

እዚህ የምጽፈው ስለ አንድ የደሴ የኪራይ ግቢ ነው። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። የሠሩት ሥራ ግን በደንብ መነገር ያለበት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የምንሰማውን ነገር ይቀይራል። ሰው እንጨት የሚያነደው የጭስ ጉዳት ስላልገባው ነው ይባላል። በዚህ ግቢ ያየሁት ሌላ ነው። ጉዳቱ ለሁሉም ገብቷቸዋል። የያዛቸው ገንዘቡን ባንዴ አለማግኘት፣ የጋራ ቆጣሪና የቀጠነ ሽቦ ነበር። እነዚህን ሦስቱን ደግሞ ከውጭ የመጣ ሰው አልፈታቸውም። እቁብ ነው የፈታቸው።

ግቢው

አሥር ያህል ቤተሰብ በአንድ አጥር ውስጥ ይኖራል። ሁሉም «እማማ» የሚሏቸው አከራይ ከፊት ለፊት ባለው ቤት ይኖራሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎን ለጎን ነው፤ ወሎ ነውና ይህ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ጓሮ በኩል አንድ የጋራ ማድ ቤት አለ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከማገሩ ላይ ጥቀርሻ ተንጠልጥሎ ይታያል። ነፋስ ሲገባ ሊጡ ላይ ይራገፋል፤ ስለዚህ ቡሃቃው ሁልጊዜ ተከድኖ ነው የሚቀመጠው።

ለእንጀራ የባሕር ዛፍ ፍልጥ፣ ጭራሮና ቅጠል ያነዱ ነበር። ቅጠሉ ከተራራው በሴቶች ጀርባ ይወርዳል። ለወጥና ለቡና ከሰል ነው፤ ከቆላው በኩል በማዳበሪያ እየተሞላ ይመጣል። አንድ ሁለት ቤት የሰጋቱራ ምድጃም ነበራቸው።

በሦስት ጉልቻ የሚነድ እንጨት ከሚያወጣው ሙቀት ወደ ምጣዱ የሚደርሰው አንድ አሥረኛው ያህል ነው። ሌላው ግድግዳውንና አየሩን ያሞቃል። ከጭሱ ጋር ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት የሞተውን ሰው በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያደርሰዋል። ይህን ቁጥር ለግቢው ሴቶች ብትነግሯቸው ጉዳዩ አያስደንቃቸውም። ልጅ አዝለው የሚጋግሩት እነሱ ናቸው። ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ፣ አጎንብሰው እየነፉ ነው የኖሩት።

ታዲያ ምጣድ ለምን አልገዙም?

የኤሌክትሪክ ምጣድ ለከተማ ሰው እንግዳ ዕቃ አይደለም። አሠራሩም ቀላል ነው። ከሸክላው ሥር ቦይ ይወጣለታል፣ በቦዩ ውስጥ የሚግል ሽቦ ይዘረጋል፣ ከዚያ በጀሶ ወይም በመሰል ነገር ይለሰናል። አካሉ ላሜራ ነው፤ አራት እግርና መክደኛ ይሠራለታል። የብረታ ብረት ሥራ የሚችል ሰው አዲሱንም ይሠራል፣ አሮጌውንም ይጠግናል።

ችግሩ የሚጀምረው ሶኬት ላይ ሲሰካ ነው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። የ10 ዋት አምፖል 350 ባንዴ እንደማብራት ማለት ነው። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይደርሳል። የግቢው መስመር ግን ከዓመታት በፊት ለመብራትና ለሬዲዮ ተብሎ የተዘረጋ ነው። በዚያ ላይ ቤት በተጨመረ ቁጥር ከአንዱ ሽቦ ሌላው እየተቀጠለ ሄዷል።

ቆጣሪው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ይህ ነገር በቂ ትኩረት አላገኘም ብዬ አምናለሁ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የተሠራው ብዙ የተጠቀመ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የበለጠ እንዲከፍል ሆኖ ነው። ዝቅተኛው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ድሃውን ለመደጎም ነው። ግን አሥር ድሃ ቤተሰብ ከአንድ ቆጣሪ ሥር ሲኖር በሒሳቡ ላይ የሚታየው አንድ ሀብታም ቤት ነው። አንድ ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ተኩል ምጣዱን ሳያጠፋ ቢጋግር በወር 42 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው ዝቅተኛው እርከን አካባቢ ይቀር ነበር። አሥሩ ሲደመር ከ400 ያልፋል። በመስከረም 2017 የጀመረው አዲሱ ታሪፍ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ የሚጨምር መሆኑ ይህን ጉዳይ ይበልጥ አንገብጋቢ አድርጎታል።

ከዚህ ሁሉ የተነሳ እማማ ለረጅም ጊዜ ምጣድ ከልክለው ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም። ቢቃጠል የሚቃጠለው የእሳቸው ቤት ነው፤ ቢል ሲመጣም የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከተሞቹ ኅዳር 27 ቀን 2014 ወደ መንግሥት እጅ እስኪመለሱ ድረስ የነበሩት ሳምንታት የጨለማ ሳምንታት ነበሩ። መብራት የለም፣ ወፍጮ የለም። ያኔ ያበላው እንጨት ነው። ያንን ጊዜ ያየች ሴት ጉልቻዋን አፍርሳ ሙሉ በሙሉ በመብራት ላይ እንድትተማመን መጠየቅ ቀላል አይደለም።

እቁቡ

ሴቶቹ ድሮም የሳምንት እቁብ ነበራቸው። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሳት ዋስ ጠርታ ትወስዳለች። አዲሱ ሐሳብ የመጣው ቡና ላይ ነው። ከመካከላቸው አንዷ እንጀራ እየጋገረች ለሻይ ቤቶች ታስረክባለች። የእንጨት ዋጋ ትርፏን እየበላባት ነበር። ዕጣ የደረሳት ብር በመውሰድ ፈንታ ምጣድ ይገዛላት የሚለውን ያነሳችው እሷ ናት።

ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ብለው የሚጥሉ ነበሩ። ተከራይ ስለሆንን ነገ ብንለቅስ ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ከነባሩ እቁብ ጎን ሌላ ትንሽ እቁብ እንዲቆም ተስማሙ። መዋጮው አነስተኛ ሆነ፤ ማንም እንዳይከብዳት። የመጀመሪያው ዕጣ ያለ ዕጣ ለእንጀራ ሻጯ ተሰጠ። ብዙ እንጨት የምታነደው እሷ ስለሆነች ጭሱም ቶሎ ይቀንሳል ብለው ነው። ይህን ውሳኔ በጣም ወድጄዋለሁ። ዕጣ ፍትሐዊ ነው፤ ግን አንዳንዴ ከዕጣ የሚበልጥ ፍትሕ አለ።

እማማን ማሳመን ለዳኛዋ ተሰጠ። ዳኛዋ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ እማማን «እትዬ» ብለው የሚጠሩ ሴት ናቸው። «ምጣድ ይፈቀድልን» ብለው አልጀመሩም። ሽቦው እንዲቀየር ከተፈለገ እቁቡ የሠራተኛውን ዋጋ እንደሚችል ነገሯቸው። እማማ ሽቦውን ሊገዙ፣ ሴቶቹ የእጅ ዋጋውን ሊከፍሉ ተስማሙ። ሽማግሌ ሳይገባበት ያለቀ ጉዳይ ነው።

ግዢው

ምጣድ ሲገዛ ሦስት ሰው ነው የሄደው፦ ዳኛዋ፣ እንጀራ ሻጯና አንድ የሰፈሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ሻጩ የመጀመሪያውን ሲያቀርብ ሸክላውን በጣት አንጓ አንኳኩ። የነቃ ሸክላ ድምፁ የደፈነ ነው። ሁለተኛውን ሱቁ ውስጥ አስሰኩት። ሲግል ጨርቅ ውኃ ነክረው ከመሀል እስከ ዳር ወሰዱበት። ውኃው በሁሉም ቦታ እኩል መድረቅ አለበት። በአንድ በኩል ዘግይቶ ከደረቀ ሽቦው እዚያ ጋ ተራርቋል ማለት ነው፤ እንጀራው በዚያ ወገን ዓይን አያወጣም። ሦስተኛውን ወሰዱ። ሌሎቹንም ከእሱ እንደሚገዙ፣ እሱ ደግሞ ሽቦ ሲበጠስ ለአንድ ዓመት በነፃ እንደሚቀጥል ተነጋገሩ። ይህ ውል የትም አልተጻፈም። የገበያ ቃል ነው፤ እስካሁን ግን ተከብሯል።

አዲስ ምጣድ መሟሸት አለበት። የተወቀጠ ጎመን ዘር ተነሰነሰበት፣ ሞቀ፣ በማሰሻ ተወለወለ፣ እንደገና ተነሰነሰ። የላሜራው ቀለም ሲሞቅ መጀመሪያ ላይ ይሸታል፤ ስለዚህ ማድ ቤቱን ከፍተው ትተውት ወጡ። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ተጣበቁ። ከዚያ በኋላ ያሉት በሰፌድ ላይ ወለል ብለው መውጣት ጀመሩ።

ሽቦው

እዚህ ላይ ግቢው ተቸኩሎ ነበር። ሽቦው ሳይቀየር የመጀመሪያውን ምጣድ በነበረው ሶኬት ላይ ሰኩት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሶኬቱ ቀለጠ። ሰው አልተጎዳም፤ ግን ሽታው እማማ ቤት ድረስ ሄደ። ምጣዱ ተነቀለ፣ እንጨቱ ተመለሰ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የነገራቸው ነገር አጭር ነበር። ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ምጣድ አይሸከምም። ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ ለብቻው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚያቋርጥ)፣ ከመሬት ጋር የተያያዘ ኧርዝ ያስፈልጋል። ማድ ቤት እርጥብ ቦታ ነው፤ የምጣዱ አካል ብረት ነው። ኧርዝ የሌለው ምጣድ አንድ ቀን ሰው ይዞ ይቀራል። ይህን ወጪ ቅንጦት ነው ብሎ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ አትዝለሉት።

እቁቡ ለጥቂት ሳምንታት ዕጣ ማውጣቱን አቁሞ ገንዘቡን ለሠራተኛው አዋለ። እማማም ቃላቸውን አከበሩ፤ ሽቦውን ገዙ።

ተራው

ሽቦው ከተቀየረ በኋላም ሁለት ምጣድ አንድ ላይ መሰካት አልተቻለም። ሁለቱ 32 አምፔር ይሆናሉ፤ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ በተራ መጋገር የግድ ሆነ። እዚህ ጋ ነው እቁቡ መልኩን የቀየረው። በተራ ከተጋገረ አሥር ምጣድ ምን ያደርጋል? አብዛኛው ጊዜ ቆሞ ነው የሚውለው። እንደ እድር ድስትና ድንኳን የጋራ ሦስት ምጣድ ይበቃል ተባለ፦ አንዱ የሚሠራ፣ አንዱ ተጠባባቂ፣ አንዱ ለእንጀራ ሻጯ። የተረፈው ገንዘብ ለሌላ ነገር ይሆናል።

ከዚህ ውሳኔ ያልተጠበቀ ጥቅም ተገኘ። ቀዝቃዛ ምጣድ እስኪግል ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ያ ብቻውን ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ አንድም እንጀራ ሳይወጣ። ሴቶቹ ተከታትለው ሲጋግሩ ሁለተኛዋ የጋለ ምጣድ ትረከባለች። የመጨረሻዋ ደግሞ ሊጧ ሊያልቅ ሲል ትነቅለውና ሁለት ሦስቱን በቀረው ሙቀት ትጋግራለች። ከዚያ በኋላ እንኳ ምጣዱ ሞቅ እንዳለ ይቆያል፤ ድርቆሽ ይደርቅበታል። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማራቸውም። ሸክላ ሙቀት እንደሚይዝ ከእናቶቻቸው ጀምሮ ያውቁታል።

ምሽት ላይ መጋገር ተከለከለ። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ይሰካል፤ ፓወር ይቀንሳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት የሚቀንሰው በጥቂቱ አይደለም፤ ጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጎድላል። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል፣ ሰዓቱም ይረዝማል። ጠዋትና እኩለ ቀን የተሻለ ነው።

ተራው ከበዓል ጋር ይቀያየራል። በረመዳን የሙስሊሞቹ ተራ ለአፍጥር እንዲደርስ ወደ ከሰዓት ይዞራል። ለፋሲካና ለገና ዋዜማ ክርስቲያኖቹ ይቀድማሉ። ለቅሶ የደረሰበት ቤት ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። ስለዚህ ጉዳይ ተጣልተው አያውቁም። የተጣሉት ስለ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ

በመጀመሪያ ቢሉ ለሁሉም እኩል ይካፈል ነበር። ሁለት ነፍስ ያለው ቤትና ሰባት ነፍስ ያለው ቤት እኩል ከፈሉ። ቅሬታው በሹክሹክታ ጀመረ፤ ኋላ ቡና ላይ ወጣ። አንዷ አኩርፋ ወደ እንጨቷ ተመለሰች።

መፍትሔው ትንሽ ቆጣሪ ነው። ከዋናው ቆጣሪ በኋላ፣ በምጣዱ መስመር ላይ ብቻ ተገጠመ። ከአሥሩ ምጣድ የተረፈው ገንዘብ ለዚህ ዋለ። ከግድግዳው ላይ ደብተር በገመድ ታስሯል፣ እስክሪብቶም አብሮት። የምትጋግር ሴት ስትጀምር ቁጥሩን ትጽፋለች፣ ስትጨርስም ትጽፋለች። መጻፍ የማትችል እንደሆነ ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ይጽፍላታል። የደብተሩ ገጾች በሊጥ ጣት የተነካኩ ናቸው፤ ቁጥሮቹ ግን ይነበባሉ። ምጣዱን የምታስጀምረው ብዙ እንደሚቆጥርባት ሲታይ የማስጀመሩ ተራ በየሳምንቱ እንዲዞር ተደረገ። ያኮረፈችውም ተመለሰች።

በእኔ እምነት ከሁሉም ዕቃ የበለጠ ሥራ የሠራው ይህ ደብተር ነው። ጋራ ነገር የሚፈርሰው ብዙውን ጊዜ በእምነት ማጣት ነው። ቁጥሩ ግድግዳው ላይ ሲሆን ማንም ማንንም አይጠረጥርም።

የእርከኑ ጉዳይ ግን እንዳለ ነው። እማማ ለማድ ቤቱ ራሱን የቻለ ቆጣሪ አመልክተዋል፤ ገና አልተገጠመም። ለጋራ ኩሽና የሚሆን የታሪፍ አሠራር ቢኖር ብዙ ግቢ ይከተላል ብዬ አምናለሁ። ዝቅተኛው እርከን በቆጣሪ ከሚቆጠር በቤተሰብ ቢቆጠር ድጎማው ለታሰበለት ሰው ይደርስ ነበር።

ከሰሉና ሌላው

እንጀራው ከጭስ ወጣ። ወጡና ቡናው አልወጡም። ከሰል አሁንም በእያንዳንዱ ቤት አለ። አንዳንዶቹ ላቀች የሚባለውን ምድጃ ገዝተዋል፤ ከድሮው የብረት ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ከሰሉን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ትልቁ ሥጋት ሙቀቱ ነው። በብርድ ጊዜ የከሰል ምድጃ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ የሚተኛ ሰው አለ። ፍሙ ጭስ ስለሌለው ደህና ይመስላል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። በግቢው አሁን ማታ ከመኝታ በፊት ፍም ውጭ ይወጣል የሚል ደንብ አለ። ዳኛዋ ራሳቸው በር እያንኳኩ ይጠይቃሉ።

መብራት ሲጠፋስ? ጉልቻው ፈርሷል፤ በቦታው ምርት የሚባለው ምድጃ ተተክሏል። በሲሚንቶና በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚዘጋ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ አካባቢ እዚሁ አገራችን የተሠራ ሲሆን ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። የ2014ን ኅዳር ያሳለፈች ሴት መጠባበቂያ ስትፈልግ ልክ ናት።

ባዮጋዝም ተነስቶ ነበር። በደሴ ዙሪያ ገጠር ከብትና ውኃ ላለው ገበሬ ጥሩ ነው፤ ለኪራይ ግቢ አይሆንም። በዚያ ላይ የተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ለሰፊ ምጣድ አይበቃም። ሶላርም ለመብራትና ለስልክ እንጂ ለ3,500 ዋት በዚህ አቅም አይታሰብም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ለዚህ ግቢ ለዓመታት ቅጠልና ጭራሮ ያመጡ የነበሩ አንዲት እናት አሉ። አሁን እዚህ የሚገዛቸው የለም ማለት ይቻላል። ሸክማቸው ከባድ ነበር፣ መንገዱም ቁልቁለት ነው፤ ግን እንጀራቸው ነበር። ስለ እሳቸው በእቁቡ ደብተር ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ንጹሕ ኃይል እናስፋፋ የምንል ሁሉ ይህን አብረን ካላሰብን ጭሱን ከአንዷ ቤት አውጥተን ረሃቡን ለሌላዋ እያስገባን ነው።

ግድቡና ግቢው

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ግቢው እልል ብሏል። ቦንድ የገዙ አሉበት፤ እማማም ገዝተዋል። 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። አብዛኛው የአገራችን ኤሌክትሪክ ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ በመብራት የተጋገረ እንጀራ ጭሱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ አይደለም፤ ከምንጩ ቀርቷል።

ሆኖም ጉባ ላይ የሚመነጨው ኃይል ማድ ቤቱ የሚደርሰው በመጨረሻዋ ጥቂት ሜትር ሽቦ በኩል ነው። ያቺን ሽቦ በዚህ ግቢ የዘረጉት ተከራይ ሴቶችና አንዲት አከራይ ናቸው። በከተማው ስንት እንዲህ ያለ ግቢ እንዳለ ደሴን የሚያውቅ ሰው ይገምታል።

እቁቡ አሁን ሁለተኛ ዙር ላይ ነው። የግማሹ ሐሳብ ለወጥ የሚሆን የኤሌክትሪክ ምድጃ መግዛት ነው። የግማሹ ደግሞ አዲሱ ቆጣሪ እስኪገጠም መጠበቅ ነው፤ እርከኑ ከአሁኑም እንዳይከፋ። ከአጥሩ ማዶ ያለው ግቢም ደብተሩን አይቶ ሄዷል። የዚያ ግቢ አከራይ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፤ ስለ ሽቦው በስልክ እያነጋገሯቸው ነው።